ብሎንና ዳዶ

ሠላሳ አንድ ዓመት ከጀልባ ሆድ ውስጥ
ዘይትና እሳት እንጂ አላየሁም ሊጥ።
አገሬ በርገን ነው፣ ዝናቡ የማይጠግብ፣
ከማለዳ ጀምሮ ጣራ የሚደበድብ።
ግራ ጆሮዬን ሞተር በላው፤
በቀኙ ዝናብ እሰማለሁ፤ ይብላኝ ለሌላው።

ውሻውን ብሎን አልኩት፣ ድመቲቱን ዳዶ፤
አብረው ይጠብቃሉ ስል ነበር፣ በባዶ።
ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት ሲውሉ፣
ጥርሳቸው ሳይገጥም ይኸው ዛሬም አሉ።

ልጄ ኢንግቪልድ ላከች ከስታቫንገር
በልደቴ ማግስት አንድ ከባድ ነገር፦
ቀይ የለበሰች ማሽን፣ ሊጥ የምታቦካ፣
ሆዷ ሰባት ሊትር በኔ እጅ ሲለካ፤
ሚዛንም ጨምራ፣ ቁጥር የሚያበራ፣
ግራሟን በግማሽ ከፍሎ የሚጠራ።
«አባዬ፣ ዳቦ ጋግር፣ ቀኑ ይሄድልሃል»
ብላ ጽፋልኛለች። ቀኑንስ ማን ይዞታል?

መመሪያውን ትቼ ጀርባዋን ፈታሁት፤
ማርሿን አየሁና መልሼ ገጠምኩት።
አንድ ትርፍ ብሎን ግን ጠረጴዛ ላይ ቀረ፤
ለማንም አልነገርኩ። ሞተሯም ዞረ።

ቅዳሜ ማለዳ የሄል ዳቦ አሰብኩ፤
ዱቄቱን ነፋሁት፣ ወተቱን አሞቅኩ።
ልመዝን ስል ዳዶ ሚዛኑ ላይ ወጥታ
ጅራቷን ጠቅልላ ተቀመጠች ኮርታ፦
አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ሰባት ግራም።
ገፋኋት፣ ተመለሰች፤ ለመንኳት፣ አልሰማችም።
በመጨረሻው ከእሷ ጋር ዜሮ ላይ አደረግኩት፤
በትንፋሿ መካከል ዱቄቱን መዘንኩት።

ቁልፉን ሁለት ላይ ሳዞር ማሽኗ አጓራች፤
ገመዱን እንደ በጠሰ መርከብ ተንሸራተተች፤
ከመደርደሪያው ጫፍ ልትወድቅ ስትቃረብ
ከቧንቧው ጋር አሰርኳት፤ ወጥ ቤቴ ሆነ ወደብ።
ከታች ወይዘሮ ጉንቮር በመጥረጊያ እንጨት
ጣራዋን ነረተች፣ ደጋግማ፣ በቁጣ፣ በጩኸት።
ግራ ጆሮዬን አዞርኩላት።

ሊጡን በፎጣ ሸፍኜ ማሞቂያው ሥር አኖርኩት፤
ኩፍ እስኪል አንድ ሰዓት።
ጋደም አልኩ።

ስነቃ ሳህኑ ያበራል፣ የታጠበ መስሎ፣
ወለሉ ላይ ሆኖ፣ ምንም ነገር ሳይዝ፣ ተንከባሎ።
ፎጣው በዳዶ ጥፍር መሬት ተጋደመ፤
በስንት ዓመታቸው ጥርሳቸው ገጠመ!
ሊጡ መች አወቀ ቤት መለወጡን፤
ብሎን ሆድ ውስጥ ገብቶም አልተወ ማበጡን።
ጠዋት ዱቄት ነፋሁ፣ ማታ ሆዱ ተነፋ፤
ያ የማያርፍ ጅራቱ መሬት ላይ ተደፋ።

ጉንቮር በሩን መታች፤ ስሞታ አዝላ መጣች፤
ውሻውን አየችና የመኪና ቁልፏን አወጣች።
ቃል ሳትናገር ነዳች። እሱ ጭኔ ላይ ሆኖ
ያገሳል፤ መኪናው በእርሾ ሽታ ታፍኖ።

ሐኪሟ ጠየቀች፦ «ምን ያህል ነው የበላ?»
«አንድ ሺህ ስድሳ ግራም፣ ከድመቷ ሌላ።»
አልሳቀችም። ጻፈች።
ራጅ አንስታው ታየ፣ ጥርት ብሎ ነጥቶ፦
ብሎን ሆድ ውስጥ ብሎን፣ በሊጥ ታቅፎ ተኝቶ።
ለማንም ያልነገርኩትን ያን ጊዜ ተናገርኩ፤
ሞተረኛ ነበርኩ ለማለት እንኳን አፈርኩ።
ጉንቮር ብቻ ግድግዳውን ተደግፋ
ሳቀች፤ ሳቀች፤ መነጽሯን አወለቀች፤ ሳቋ አልጠፋ።

ንጋት ላይ ወጣለት፣ ሊጡም ብረቱም፤
ሐኪሟ ብረቱን አጥባ በፖስታ ሰጠችኝ፣ ሂሳቡንም።
(ሂሳቡን ለኢንግቪልድ አልነግራትም።)

እቤት ስንገባ፣ ከማሽኗ መንጠቆ ላይ ተጣብቆ
አንድ ጭብጥ ሊጥ አገኘሁ፣ ከሁለቱም አምልጦ፣ ደርቆ።
በወተት አለሳልሼ ጋገርኩት።
አንዲት ድቡልቡል ዳቦ፣ ጡጫ የማታክል፤
ለጉንቮር ግማሿን ሰጠኋት፣ ሳልመዝን፣ ሳላስተካክል።
ብሎን ከምንጣፉ ላይ አንድ ዓይኑን ገለጠ፤
ዳዶ ሚዛኑ ላይ ናት። ምንም አልተለወጠ።

አኘከች፣ አሰበች፣ ዝናቡን በመስኮት አየች፤
«ጨው ረስተሃል» አለች።
ያን ጊዜ የሰጠኋት
ቀኙን ጆሮዬን ነበር።